ስትራስቡርግና ባንጁል ከአጣዬ ሲታዩ

አውሮፓ የሚኖር ሰው በመንግሥት ከተበደለ፣ የአገሩ ፍርድ ቤት ፊት ቢነሳውም ከዚያ በላይ አቤት የሚልበት አለው። የአውሮፓ ምክር ቤት (ከአውሮፓ ኅብረት የተለየ፣ 46 አገሮች ያሉበት ማኅበር ነው) ስትራስቡርግ ላይ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አለው። ክፍያ የለም። የአገር ውስጡ የመጨረሻ ውሳኔ በተሰጠ በአራት ወር ውስጥ ቅጹን ሞልቶ በፖስታ መላክ ነው። ዜግነት የሌለው ስደተኛም ይከስሳል።

የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። አሩሻ ያለውን ፍርድ ቤቱን ያቋቋመውን ፕሮቶኮል ግን ኢትዮጵያ አላጸደቀችም፤ ያስቆጫል። ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ግን አቤቱታችንን ይቀበላል። በጠለፋና በመደፈር የተበደለች ታዳጊን ጉዳይ ይዘው ድርጅቶች በ2007 እ.ኤ.አ. ከስሰው፣ ስምንት ዓመት ገደማ ቢፈጅም ኢትዮጵያ 150,000 ዶላር እንድትክስ ወስኗል።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል ቤቱን ያጣ ሰው እዚያ ይደርሳል? መንገዱ አለ፤ የሚያሰናክለው ወረቀት ነው። የሚከሰሰው መንግሥት እንጂ ያቃጠለው ቡድን ስላልሆነ፣ ጥበቃ አለመደረጉ ወይም አጥፊው በሕግ አለመጠየቁ መታየት አለበት። ከዚያ በፊት የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት መሞከር ግድ ነው፤ ጉዳዩ ያለ አግባብ ከተጓተተ ግን ይታለፋል። ብዙው ሰው ግን ወረዳ ሄዶ በቃል አቤት ብሎ ይመለሳል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ፣ በእጅ በሚቀረው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም ካላረፈ መጓተቱን በምን ያስረዳል? ካርታው ከቤቱ ጋር ለተቃጠለበት፣ የግብር ደረሰኝ ወይም ወረዳው ያለው ፋይል ግልባጭ ይረዳል።

እኛ ውጭ ያለነው ደግሞ የምንጽፈው አቤቱታ አብዛኛው በዜና የተሞላ፣ በስድብ የታጀበ ነው። ኮሚሽኑ የሚሠራበት የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በአንቀጽ 56 ሁለቱንም ይከለክላል፦ በመገናኛ ብዙኃን ወሬ ላይ ብቻ የቆመ፣ የሚያንቋሽሽ ቃል ያለበት አቤቱታ ተቀባይነት የለውም። አመልካቹ ራሱ ተበዳይ መሆን ስለማይጠበቅበት ከለንደንም ከዋሽንግተንም ማቅረብ ይቻላል። ስሙ እንዳይገለጽ መጠየቅ ይችላል፤ ለኮሚሽኑ ግን ማሳወቅ አለበት። ከአጣዬና ከሸዋሮቢት በስልክ ፎቶ ተነስቶ የሚላከውን ማህተም ያለበት ወረቀት በቀን ቅደም ተከተል ማደራጀትና ወደ እንግሊዝኛ መመለስ የእኛ ሥራ ነው። ቻርተሩ የወር ገደብ ባይቆርጥም የአገር ውስጡ ሙከራ ካበቃ በኋላ በተገቢው ጊዜ ይቅረብ ስለሚል፣ ከወረዳ ወይም ከፍርድ ቤት የመጨረሻ መልስ የያዘ ሰው መልሱን ያገኘበትን ቀን አሁኑኑ ይመዝግብ።