እርማት፦ ረጅም መኪና ሁሉ ውስጡ ሰፊ አይደለም

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመመላለስ ሴዳን ለሚፈልገው ልጅ «ረጅሙን ግዛ፣ ውስጡ ይሰፋል፤ ወንበሩም ሲቀመጡበት ሰመጥ የሚል ይሁን» ብለሃል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁለቱም ልክ አይደሉም።

የመኪና ርዝመት ሲባል ኮፈኑም የዕቃ መጫኛውም አለበት። ለሰው የሚተርፈው ሌላ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት እንኳ ብቻውን አይበቃም። የ2003 ሞዴል ኮሮላ ላይ 2600 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው መርሴዲስ 190 ላይ 2665። ግን የኋላ ተሳፋሪ ጉልበት የሚጠበው መርሴዲሱ ላይ ነው። ሞተሩ የተቀመጠው ከፊት ወደ ኋላ፣ በመኪናው ርዝመት ስለሆነ ቦታውን ይወስዳል። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግም ወለሉ መሃል ጉብታ ይፈጥራል። መሃል የተቀመጠ ሰው እግሩን ግራና ቀኝ ከፍቶ ይጓዛል። የኮሮላው ሞተር ግን የተቀመጠው ከግራ ወደ ቀኝ፣ በመኪናው ወርድ ነው፣ የሚነዳውም የፊት ጎማውን ነው።

የወንበሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። ለአምስት ደቂቃ የደላህ ስፖንጅ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ወገብህን ይጨርሰዋል። ደጀንን አልፈህ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ በየጥምዝምዙ ትንሸራተታለህ፤ ጎንህን የሚይዝልህ የለም። ጠንከር ያለ፣ ጭንን እስከ ጉልበት አጠገብ የሚደግፍ ወንበር ይሻላል።

ልጁ መጀመሪያ የሹፌሩን ወንበር ለራሱ ቁመት ያስተካክል። ከዚያ ይውረድና እዚያው ከኋላው ይቀመጥ። ጉልበቱ የፊቱን ወንበር ከነካ፣ ያንን መኪና ይተወው።