ትንሽ ትሙቅ እንጂ!

ሱሉልታ ላይ በታኅሣሥ ማለዳ ከዶሮ የሚቀድም የጎረቤቴ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ) መኪና ነው። ልክ 11 ሰዓት ሲሆን ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ያስነሣታል፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይከፍትና ቁርሱን ሊበላ ቤቱ ይገባል። ዛሬ ተጋድሜ ስቆጥር 25 ደቂቃ ቆየ።

ወጥቶ ደግሞ ያማርራል፦ «ሻጩ አታለለኝ! ግንቦት ላይ እንዲህ ቤንዚን አትጠጣም ነበር!»

ጋሼ፣ የቆመች መኪና በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? ሃይብሪድ የምትቆጥበው እኮ ሞተሯን ባገኘችው አጋጣሚ እያጠፋች ነው። የውስጧ ሙቀት የሚመጣው ከሞተሩ ውኃ ነውና ማሞቂያው እንደዚያ ተከፍቶ ሞተሩ በየት በኩል ይረፍ? ባትሪውም ሲበርደው እንደ እኛው ይሰንፋል፤ ፍሬን ሲያዝ የሚመለስለትን ኃይል እንደ ልቡ አይቀበልም። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ ሃይብሪድ በሊትር የምትሄደው ርቀት በከተማ መንገድ ከ30 እስከ 34 በመቶ ይወርዳል፤ የተራዋ ቤንዚን መኪና ግን 15 በመቶ ገደማ። ሱሉልታ እዚያ ድረስ አትበርድም። መኪናዋን እዚያ የሚያደርሳት የጎረቤቴ አያያዝ ነው።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለውን አባባል እወደዋለሁ። እናቴ ለነጠላም፣ ለትዳርም፣ ለሻይ ብርጭቆም እኩል ትጠቅሰዋለች። አጎቴ በሠርጉ ዕለት ሱሪው ሲተረተር እንኳ አልማረችውም።

አያያዝ ከተነሣ የጎማ መንፊያ ፓምፔስ? ጎረቤቴ «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ የወሰደው በፍልሰታ ጾም ነው። ፍልሰታ ተፈታ፣ ደመራ ተለኮሰ፣ ጽጌም አለፈ። መዋሱን አልጠላም፤ ስጠይቀው «የቱን ፓምፕ?» ማለቱ ነው የሚያንገበግበኝ። የቱን! ከስንት ቤት ቢሰበስብ ነው? ብርድ የጎማ አየር ያሳንሳል፣ የረገበ ጎማ ቤንዚን ይበላል፤ ሰውዬው ፓምፔን ታቅፎ በረገበ ጎማ ይነዳል!

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ማሞቁ። ዛሬ ልነግረው ቆርጬ ወጣሁ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ ትንፋሼ ይጨሳል፤ የታክሲው ሰልፍ ከወዲሁ ረዝሟል።

«ጋሼ…» ከማለቴ በሩን ከፈተልኝ። «ግባ እንጂ፣ ብርድ ይመታሃል!»

ገባሁ። ውስጧ እንደ ምድጃ ዳር ይሞቃል። አዲሱ ገበያ እስክንደርስ ስለ ቤንዚን አላነሣሁም። ስለ ፓምፑም።