ማስተካከያ፦ ሴምቤን ከካሜራ በፊት ብዕር ነበረው

ባለፈው ጽሑፌ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በፊልም ጀምሮ ወደ ልብ ወለድ እንደገባ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴይ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ የኖረው ሴምቤን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ሞስኮ ሄዶ ፊልም የተማረው ከዚያ በኋላ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ለምን? ማንበብ ለማይችለው ወገኑ ለመድረስ። በ1963 የሠራው አጭር ፊልም «ቦሮም ሳሬት» ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። «ባለጋሪው» እንደማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ፣ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር፣ ፖሊስ የባለጋሪውን ኒሻን ረግጦ ይቆማል። ሰውየው ጋሪው ተወርሶበት፣ ፈረሱን ብቻ እየሳበ ቤቱ ይገባል። ያቺ ትዕይንት ከዓይኔ አትጠፋም። ሴምቤን ፊልም ከጀመረ በኋላም መጻፉን አልተወም።