ሽፋኑ ሞኖ፣ ውስጡ ስቴሪዮ

ቁጣዬ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ነገ ከጻፍኩት ጨዋ መሆኔ አይቀርምና። የአሜሪካዊውን ፒያኖ ተጫዋች የማርቲን ዴኒን «ኤግዞቲካ» የተባለ የሙዚቃ ሸክላ በሞኖ (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የተቀዳበትን ማለቴ ነው)፣ በንጹሕ ይዞታና በሚቀመስ ዋጋ ለማግኘት ምን ያህል እንደደከምኩ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዛሬ አገኘሁት ብዬ፣ ሠላሳ አምስት ዶላሬን ቆጥሬ፣ እንደ ሙሽራ አቅፌው ቤቴ ገባሁ። የተጣበቀበትን ፕላስቲክ ቀድጄ ሸክላውን ሳወጣ መለያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ኤልኤስቲ 7034 ሆኖ ተገኘ። ድምፁ ለግራና ለቀኝ የተከፈለበት ስቴሪዮው ነው። ሽፋኑ ላይ ኤልአርፒ 3034 የሚለው የሞኖው ቁጥር በግልጽ ታትሟል፤ በውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው።

«ሞኖም ሆነ ስቴሪዮ፣ ሙዚቃው ያው አይደለም ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሰርግ ላይ ሳይቀር ስትሉኝ ኖራችኋል። ያው አይደለም። ሞኖው የተቀዳው በ1956 መጨረሻ ሆኖሉሉ ውስጥ ነው፤ የወጣው ደግሞ በ1957 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቪብራፎኑን፣ ማለትም የብረት ዘንጎቹ በመምቻ የሚመቱትን መሣሪያ፣ የተጫወተው አርተር ላይማን ነበር። ላይማን ብዙም ሳይቆይ የራሱን ቡድን ለመምራት ከዴኒ ተለየ። ወዲያው የስቴሪዮ ሸክላ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ አሳታሚው ሊበርቲ ያንኑ አልበም በስቴሪዮ መሸጥ ፈለገ፤ ዴኒም በ1958 ቡድኑን ሰብስቦ ዜማዎቹን በሙሉ እንደ አዲስ ቀዳቸው። በላይማን ቦታ ቪብራፎኑ ላይ የቆመው ጁሊየስ ዌክተር ነው። እንግዲህ በአንድ ስም፣ በአንድ ሥዕልና በአንድ የዜማ ዝርዝር የሚሸጡ ሁለት ሸክላዎች አሉ ማለት ነው፤ የተቀዱበት ጊዜም የተጫዋቾቹም እጅ ግን የተለያየ ነው። ዴኒ ራሱ የሚያስበልጠው የመጀመሪያውን፣ ሞኖውን ነበር። ዌክተርን አልንቀውም፣ ጎበዝ ሙዚቀኛ ነው፤ እኔ ግን ገንዘቤን የከፈልኩት ለላይማን ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንምጣ። የሱቁን ስም አልጽፍም፤ የምታውቁትም አስተያየት ላይ እንዳትጽፉብኝ። ገብቼ ሰላምታ ሰጠሁና «የማርቲን ዴኒ ሸክላ ይኖራችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ጢሙን በሚገባ ያሳመረ፣ በዕድሜ የመጨረሻ ታናሽ ወንድሜ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ «የአፍሪካ ሙዚቃ ከኋላ ነው» አለኝ። እኔም በትሕትና «ዴኒ አፍሪካዊ አይደለም፤ ኒው ዮርክ ተወልዶ ሃዋይ የኖረ የፒያኖ ተጫዋች ነው» አልኩት። «ገባኝ፣ ገባኝ፤ ግን ከኋላ ያለውን ሳጥን ብታየው ትወደዋለህ። ለመሆኑ አገርህ የት ነው?» አለኝ። ኢትዮጵያ መሆኑን ስነግረው ፊቱ በራ፤ «አላልኩህም! የኢትዮጵያም አለን!» አለ። እኔ የጠየቅሁት ግን ስለ ዴኒ ነው!

ዴኒው ከፊት ለፊት፣ ከባንኮኒው በስተጀርባ ባለው መደርደሪያ ተቀምጦ ነበር። ሽፋኑን ሳየው ልቤ ዘለለ፤ ሞዴሏ ሳንድራ ዋርነር በቀርከሃው መጋረጃ መካከል የምታይበት ያ ሽፋን ነው፣ ጥጉም አልታጠፈም። «ሸክላውን አውጥቼ ላየው እችላለሁ?» አልኩት። «እኔ አይቼዋለሁ፤ ቪጂ ፕላስ ነው» አለኝ፤ በሸክላ ነጋዴዎች ቋንቋ ‹ከበጣም ጥሩም ትንሽ ከፍ ያለ ይዞታ› ማለት ነው። «በእርግጥ አይተኸዋል፤ እኔም ከመክፈሌ በፊት ባየው ደስ ይለኛል» ስለው፣ «ወዳጄ፣ ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሰው በጣቱ እየነካካ ያበላሽብናል» ብሎ መለሰልኝ። እዚያው አጠገቤ የቆመ ሌላ ደንበኛ የሮክ ሸክላዎችን ከነወረቀታቸው እያወጣ፣ በመብራት እያየ፣ በትንፋሹ አቧራቸውን እየነፋ ነበር። የእርሱ ጣት አያበላሽም መሰለኝ። የሱቁን ማጫወቻም ጠየቅሁ፤ ለካስ ለጌጥ የተቀመጠ ነው፣ መርፌም የለው።

ቤት ደርሼ ጉዱን ካየሁ በኋላ በዚያው ከሰዓት ተመለስኩ። ዕቃውን ከነደረሰኙ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ረጋ ብሎ ሰማኝና «ታዲያ እኮ የተሻለውን ነው ያገኘኸው። ስቴሪዮ ከሞኖ ይበልጣል፤ በሁለት በኩል ይሰማል» አለኝ። ለእኔ፣ በዚህ ጉዳይ የእናንተን የምሳ ሰዓት ለዓመታት ሳበላሽ ለኖርኩት ሰውዬ፣ ስቴሪዮ ምን እንደሆነ ሁለት እጆቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርግቶ አስተማረኝ። «የምፈልገው አርተር ላይማን የተጫወተበትን ነው» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ማን?»

ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ክፈፍ ተሰቅሎ የነበረው የአርተር ላይማን «ታቡ» ነው። በ1958 የወጣው፣ በሆኖሉሉው ሃዋያን ቪሌጅ ሆቴል ግቢ ሄንሪ ካይዘር ባሠራው የአሉሚኒየም ጉልላት ውስጥ ለማስተጋባቱ ሲባል የተቀዳው ሸክላ ማለት ነው። ስሙ በትልቁ ተጽፏል። በጣቴ አሳየሁት። ዞር ብሎ አየና «እርሱ ለሽያጭ አይደለም» አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? አንድ ቃል ከአፌ ሊወጣ ነበር፤ የእናቴን ምክር አስታውሼ ዋጥኩት።

ከዚያ ደረሰኙን ገልብጦ ከታች በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አስነበበኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። ከሁሉም የባሰው ግን አሁን ነው የሚመጣው። «ደግ ልሁንልህና፣ በዚህ ለውጥ ከኋላው ሳጥን የምትወደውን አንድ ሸክላ ውሰድ» አለኝ። ይኸው ሳጥን! ንዴቴን ይዤ ሄጄ አየሁት። «የዓለም ሙዚቃ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከላይ የግሪክ ጭፈራ፣ ቀጥሎ ሽፋኑ የሻገተ የከበሮ ሸክላ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደገና የታተመው የሙላቱ አስታጥቄ «አፍሮ ላቲን ሶል» ተቀምጧል። አንስቼ ባሳየው «እርሱ በለውጡ አይካተትም፤ ዋጋው ከፍ ይላል» አለኝ።

እስኪ ፍረዱኝ። ሙላቱ ያንን ሙዚቃ በ1966 የሠራው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ ቪብራፎን እየተጫወተ፣ ላቲን ከሚያውቁ ሙዚቀኞች ጋር፣ በአሜሪካ ምድር። እርሱ ከኋላ «የዓለም» ሳጥን ውስጥ ገባ። ዴኒ ሃዋይ ገና የአሜሪካ ሃምሳኛ ክፍለ ግዛት ሳትሆን እዚያ ተቀምጦ፣ የጃፓኑን፣ የበርማውንና የደቡብ ባሕሩን መሣሪያና ስም ደባልቆ፣ በምድር ላይ የሌለ ጫካ ፈጠረ፤ እርሱ ከፊት ለፊት፣ «ቀላል ማዳመጫ» በሚለው መደርደሪያ፣ ከአገር ልጆቹ ጋር ተደረደረ። አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ውቅያኖስ ተሻጋሪ ቅልቅል ነው፤ ሳጥኑን የሚወስነው ግን የተጫዋቹ ፊት ነው። የገዢውም ፊት ሳይሆን አይቀርም፤ እኔንም ገና በሩን ስገፋ ነው ወደ ኋላ የመደበኝ።

በነገራችን ላይ ይህንን ሙዚቃ የምወደው ፌዝ መሆኑን ስለማይደብቅ ነው። ዴኒ ራሱ ሲያወራ እንደኖረው፣ ሃዋያን ቪሌጅ ውስጥ ሼል ባር በሚባለው ቤት ሲጫወቱ አጠገባቸው ኩሬ ነበር፤ ሙዚቃው ሲጀምር እንቁራሪቶቹ ይጮኻሉ፣ ሙዚቃው ሲያቆም እነርሱም ያቆማሉ። ሙዚቀኞቹ ለቀልድ ያህል የወፍ ድምፅ ጨመሩበት፤ በማግስቱ አንድ እንግዳ መጥቶ ያንን ወፍና እንቁራሪት ያለበትን ድገሙልን አለ። የሌስ ባክስተር ድርሰት የነበረውና በዚሁ «ኤግዞቲካ» ላይ ያለው «ኳየት ቪሌጅ» እንዲህ ሆኖ በ1959 በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ፤ አልበሙ ደግሞ አንደኛ ወጣ። አጎቴ ግን ይህን ሁሉ ታሪክ አስረድቻቸውም «አንተ ልጅ፣ እንቁራሪት በነጻ በሚጮኽበት አገር ተወልደህ አሜሪካ መጥተህ በዶላር ትገዛለህ?» ይሉኛል። መልስ የለኝም፤ እርሳቸውም መልስ አይጠብቁም፣ ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ይህ ሙዚቃ ሌላም መከራ አለበት። ለስላሳ ስለሆነ ጭረቱ ሁሉ ይሰማል፤ የሮክ ሸክላ ቢጫር ጊታሩ ይሸፍነዋል፣ እዚህ ግን በቪብራፎኑ ምትና ምት መካከል ባለው ዝምታ ውስጥ ጠጠር እንደተዘራ ነው የሚንጫጫው። የዚያ ዘመን ማጫወቻዎች መርፌ ከባድ ስለነበር፣ ባለቤቶቹም በሸክላው ዙሪያ ኮክቴል ይዘው ስለጨፈሩ፣ ሳይታረስ የቀረ ቅጂ ማግኘት ብርቅ ነው። ሻጮች ሁሉ ይህንን «ቪጂ ፕላስ» ይሉታል። ባለፈው ከሌላ ግዛት ያዘዝኩት የፔሩዋ ዘፋኝ የዬማ ሱማክ ሸክላ የመጣልኝ በቁርስ እህል ካርቶን ተጠቅልሎ፣ ጥጉ እንደ ውሻ ጆሮ ታጥፎ ነበር። ለሻጩ ስጽፍለት «ከመላኬ በፊት ደህና ነበር» አለኝ። እኔስ ምን አልኩ!

ድሮ እነዚህን ማንም አይፈልጋቸውም ነበር አሉ። ከዚያ በዘጠናዎቹ ላውንጅ የሚባለው ይህ ለስላሳ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ እንደገና ፋሽን ሆነ፤ ካፒቶል የተባለው አሳታሚ በ1996 «አልትራ ላውንጅ» የተባለውን የሲዲ ተከታታይ አወጣና ሁሉም ባለ ቲኪ ባር (በደቡብ ባሕር ደሴቶች ጌጥ ያሸበረቀ መጠጥ ቤት) ሆኖ ተነሣ። ዛሬ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ብትሄዱ ደህናው ሁሉ ገና ከመኪና ሳይወርድ ተለቅሞ የሚጠብቃችሁ የ1965ቱ የኸርብ አልፐርት ሸክላ ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያቺ ክሬም ተቀብታ የተቀመጠችው ሴትዮ ያለችበት። ክሬሙም ቢሆን አብዛኛው የመላጫ አረፋ ነው። በሚሊዮን ስለተሸጠ የትም አለ፤ እኔ በገባሁበት ሱቅ ሁሉ ቀድማኝ ደርሳ ትስቅብኛለች። ከሁሉም የሚያናድዱኝ ግን ሽፋኑን ለግድግዳ ጌጥ ገዝተው ሸክላውን ያገኙት ወረቀት ውስጥ የሚወሽቁት ናቸው። የእኔም ቅጂ በዚህ መንገድ እንደተደበላለቀ አልጠራጠርም፤ አንዱ ክፈፍ ሲቀይር፣ አንዱ ሲያጸዳ፣ አንዱ ለሱቁ በጅምላ ሲያስረክብ።

ባለቤቴ «ለመሆኑ ስቴሪዮውን ሰማኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰማሁት። ያምራል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ፤ ሰውየው ትክክል የሆነ ይመስላልና። ትክክል አይደለም! ቆንጆ ነገር ቢሰጠኝም ያልገዛሁትን ነው የሰጠኝ።

ለማንኛውም፣ የስቴሪዮው ሸክላ የሞኖውን ሽፋን ለብሶ እኔ ዘንድ ከተገኘ፣ የሞኖው ሸክላ የስቴሪዮውን ሽፋን ለብሶ አንድ ቦታ መቀመጡ አይቀርም። የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ የቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ፣ ሟች ጎረቤታችሁ ጥለውት የሄዱት ሣጥንም ሆነ የቢሯችሁ ምድር ቤት፣ የዴኒን ሽፋን ካያችሁ እባካችሁ ሸክላውን አውጥታችሁ መለያውን አንብቡት። ኤልአርፒ 3034 የሚል ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ፤ ወደዚያ ሱቅ እንዳትወስዱት። ደግሞ «ይልቅ የጥላሁንን ግዛ» ብላችሁ ልትጽፉልኝ የተዘጋጃችሁ፣ የጥላሁንስ አለኝ።