ቼክ ጻፊው ያበላሻል፣ ቼክ ያዡ ይመላለሳል

የግል ቼክ መመንዘር ይህን ያህል የሚያንገላታ ጉዳይ መሆን አልነበረበትም። ሰው ሠርቶ ወይም ሸጦ የሚገባውን ገንዘብ ሊቀበል ነው ባንክ የሚመጣው። ወረቀቱን ያሳተመው ባንኩ ነው፣ ፈራሚው የባንኩ ደንበኛ ነው፣ ብሩም ሂሳቡ ውስጥ አለ። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ወረፋ የያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ይወጣል። ቼኩን አበላሽቶ የጻፈው አውጪው ነው፤ ደንቡን ግድግዳ ላይ ያልለጠፈው ባንኩ ነው፤ ሥራ ፈቶ የሚመላለሰው ግን ተከፋዩ ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበው!

ከቀኑ እንጀምር። «05/06/2017» ብሎ ብቻ ጽፎ የሚሰጥ አውጪ ብዙ ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ማለት ነው። በፈረንጆቹ ካነበቡት ግን ጊዜው ካለፈ ዓመታት የሆነው ቼክ ነው። በተቃራኒው በፈረንጆቹ ቀን ጽፎ ምንም ምልክት ካላደረገበት፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ ገና ያልደረሰ ዓመት ይሆናል። ጥንቁቅ ቴለር (መስኮት ላይ ያለው ከፋይ) እንዲህ በሁለት አቆጣጠር ሊነበብ የሚችል ቼክ ያቆመዋል፣ ማቆሙም ትክክል ነው። ታዲያ «የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብሎ ወሩን በፊደል መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? ደግሞም ቼክ የሚያገለግለው ስድስት ወር ነው። የሚቆጠረውም ቼኩ ላይ ከሰፈረው ቀን ጀምሮ እንጂ እጃችሁ ከገባበት ቀን አይደለም። አምስት ወር ኪሱ ውስጥ ያቆየውን ቼክ «እንካ» የሚል አውጪ አለና ስትቀበሉ ቀኑን እዩ።

ስሙ ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው። የተከፋይ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው እስከ አያት መጻፍ አለበት። ብዙ ሰው ግን የሚጠራበትን ስምና የአባቱን ስም ብቻ ጽፎ ይሰጣል። ከዚያ የፊደሉ ጣጣ ይመጣል፦ አንዱ ኃይሉ ሲል ሌላው ሀይሉ፣ አንዱ ሥላሴ ሲል ሌላው ስላሴ። ከሁሉ የባሰው ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሥላሴ ዓይነት ስም ነው። ተነጥሎ ሲጻፍ የስምና የአባት ይመስላል፤ ተገጥሞ መታወቂያ ላይ ካለ ደግሞ አይገጣጠምም ተብሎ ይመለሳል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነማ አንድ ፊደል ሲጎድል ሌላ ሰው አደረጉን ማለት ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ቼኩ ሲጻፍ መታወቂያውን አውጪው ፊት አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማስገልበጥ። ፋይዳ ያለው ሰው ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስላለለት ከዚያው ላይ ያስጽፍ። ማፈር አያስፈልግም።

«ለአምጪው ይከፈል» የተባለ ቼክ የስሙን ጣጣ ያስቀራል። ከጠፋ ግን ያገኘው ሰው ይዞት ይቀርባል። ሁለት መስመር የተሰመረበት ቼክ ደግሞ መስኮት ላይ በጥሬ አይከፈልም፣ ሂሳብ ውስጥ ነው የሚገባው። መስመሩን ብትሰርዙትም ሕጉ እንዳልተሰረዘ ነው የሚቆጥረው። ይህን የማያውቅ ሰው ሙሉ ወረፋ ከጠበቀ በኋላ ነው የሚነገረው። በር ላይ ቁጥር የሚሰጠው ሠራተኛ አንዴ አይቶ ቢነግረው ምን ነበረበት?

የገንዘቡ መጠን በፊደልና በአኃዝ ካልተስማማ በፊደል የተጻፈው እንደሚጸና የንግድ ሕጉ ይናገራል። መስኮቱ ላይ ይህን ብትጠቅሱ ግን የሚሰማችሁ የለም፤ ቼኩ ይመለሳል። ስለዚህ አውጪውን አደራ በሉት፦ ፊደሉን ከመስመሩ ጫፍ ይጀምር፣ ከፊቱ ክፍት ቦታ ካለ «አንድ መቶ» ተጨምሮበት «አስራ አምስት ሺህ» የነበረው «አንድ መቶ አስራ አምስት ሺህ» ይሆናል። መጨረሻው ላይ «ከ00/100» ይበል፣ አኃዙን በሁለቱም በኩል በሰረዝ ይዝጋ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን፣ ፍሉድ (ማጥፊያ ነጭ ቀለም) የነካውን ቼክ ጨርሶ አትቀበሉ። ጎኑ ላይ ፊርማ ሲጨመርበት የሚቀበል ቅርንጫፍ ይኖራል፣ የማይቀበልም አለ፤ አዲስ ቅጠል ማስጻፍ ይሻላል።

ፊርማ አይመሳሰልም የሚባለው ነገር ደግሞ የአውጪው ስንፍና ነው። ሂሳቡን ሲከፍት የሰጠው ናሙና ፊርማ ሲስተሙ ውስጥ አለ። ባለፉት ዓመታት ፊርማው ከተቀየረ ባንክ ሄዶ ናሙናውን ማደስ የእሱ ግዴታ ነው። እኛ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ዋናው ብሶት እንምጣ። መጠኑ ከፍ ያለ ቼክ ሲቀርብ ባንኩ አውጪው ጋ ደውሎ ያረጋግጣል። ይህን አንቃወምም፤ የተሰረቀ ቼክና የተመሳሰለ ፊርማ አለ፣ ጥንቃቄው ለሁላችንም ነው። ግን ከስንት ብር ጀምሮ ነው የሚደወለው? በየባንኩ ይለያያል፣ የትም ተጽፎ አይታይም። ባንኩ ጋ ያለው ስልክ አውጪው ድሮ የጣለው ቁጥር ሆኖ ይገኛል። ወይም አውጪው የማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት አያነሳም። ቴለሩ አንዴ ሞክሮ «አይነሳም» ይልና ቼኩን ወደ ጎን ያስቀምጠዋል፤ ቀጥሎ ያለው ሰው ይስተናገዳል፣ እናንተ ወንበር ላይ ትቀራላችሁ። አውጪዎች ሆይ፣ ቼክ ከሰጣችሁ በዚያ ቀን ስልክ አንሱ! ቁጥር ስትቀይሩም ለባንካችሁ አስመዝግቡ። ተከፋዮችም መስኮት ጋ ከመድረሳችሁ በፊት አውጪው ጋ ደውላችሁ «ባንክ ነኝ፣ ሊደውሉልህ ነው» በሉት።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ጉድለቱን በየተራ መንገራቸው ነው። ዛሬ የአያት ስም ጎደለ ተብሎ ይመለሳል። ተስተካክሎ ሲመጣ ፊርማው ይታያል። ፊርማው ሲያልፍ ስልኩ አይነሳም። ስልኩ ሲነሳ «ካሽ የለም፣ ከሰዓት ና»። ሁሉንም መጀመሪያውኑ ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቼኩም ሲስተሙም ፊታቸው ነው ያለው። ጉድለቱን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፈው ቢመልሱ ሰው አንዴ አስተካክሎ አንዴ ይመጣ ነበር።

በቀን በጥሬ የሚወጣ ገንዘብ ጣሪያም ሊኖር ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ለግለሰብ በቀን 200 ሺህ ብር፣ ለድርጅት 300 ሺህ ብር ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተቀያይሯል፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ጥሬው የግድ ካላስፈለገ «ወደ ሂሳቤ ይግባልኝ» በሉ። ሂሳባችሁ እዚያው ባንክ ከሆነ ወዲያው ይገባል። ሌላ ባንክ ከሆነ ግን በብሔራዊ ባንክ በኩል ማጣራት ስላለበት በዕለቱ አትጠብቁት። በጥሬ ከወሰዳችሁ የባለ 200 አንድ እስር 20 ሺህ ብር ነው፤ ከመስኮቱ ሳትርቁ ቁጠሩ።

«በቂ ስንቅ የለም»፣ ማለትም የአውጪው ሂሳብ ላይ በቂ ብር የለም ከተባላችሁስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ቴለሩ ቼኩን መልሶ «ሂሳቡ ላይ የለም፣ ነገ ሞክር» ይላል፤ ሰውየውም ይዞት ይወጣል። አትውጡ! ቼኩ የቀረበበት ቀንና ያልተከፈለበት ምክንያት በጽሑፍ፣ በባንኩ ማህተም ይሰጣችሁ። ያለዚያ ፖሊስ ጋም ፍርድ ቤትም ስትሄዱ እጃችሁ ላይ ማስረጃ የለም፣ አውጪውም «መቼ አቀረብከው?» ይላችኋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያዝበት ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ የሚያወጣን ሰው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። «ቀኑ አልደረሰም» የሚባለውም ቢሆን ሕጉ ላይ ሲታይ ሌላ ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ወደፊት የሚመጣ ቀን ቢጻፍበትም በቀረበበት ቀን ይከፈላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም የቼኩን ክፍል አልነካውም። እና የተመለሰውን ቼክ ለማንም ከማስረከባችሁ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ከባንኩ ወረቀት ጋር ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ ዋናውን ለአውጪው «ላስተካክልልህ» ብሎ ሲጠይቅ አትስጡ፣ መጀመሪያ ብሩን ይክፈል።