ለድሬ የውጭ አሰልጣኝ ይምጣ ለምትሉ
ለድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ የውጭ አሰልጣኝ ይምጣ ለምትሉ፦ ፓስፖርቱ አያሳስበኝም፤ ሰርቢያዊው አሰልጣኝ ሚቾ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ጋር ዋንጫ አንስቷል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የድሬ ሙቀት ነው። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ አሰልጣኝ የለመደውን የልምምድ ሰዓት ይዞ ከመጣ ልጆቹን ይጨርሳቸዋል። አዲስ ፈራሚ ሙቀቱን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል፤ ልምምዱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ተጫዋቹ ከልምምድ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ ይውጣ። 70 ኪሎ የሆነው በላብ 1.4 ኪሎ ካጣ ጉልበቱ መውረድ ይጀምራል። ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.5 ሊትር ገደማ ቀስ በቀስ ይጠጣ፤ ብዙ ላብ ላፈሰሰ ባዶ ውሃ ብቻ አይበቃም፣ ጨውም ይተካለት። ረዳቱ ግን የግድ የድሬን አየር የሚያውቅ የአገር ልጅ ይሁን፣ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ!