ቺኾልድ አልከዳም

ግራፊክ ዲዛይን የተማረ ሰው ያን ቺኾልድን ካወቀው የሚያውቀው በወጣትነት ሥራው ነው። የሙኒክ ሲኒማ ቤት ፖስተሮቹን፣ ሰያፍ መስመሮቹን፣ ባዶ ቦታ እንደልቡ ሲለቅ የነበረውን ልጅ ሁሉም ይወደዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን «ኋላ ላይ የራሱን አዲስ መንገድ ከዳ» ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው ትልቁን ሥራ የሠራው ከዳ በተባለበት ጊዜ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1902 ሌፕዚግ ተወለደ። አባቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር፤ ስለዚህ ፊደል ከልጅነቱ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ነበረ። ገና በወጣትነቱ የማታ ተማሪዎችን የፊደል አጻጻፍ ማስተማር ጀመረ። በ1923 ቫይማር ሄዶ ባውሃውስ የተባለውን የጀርመን ዘመናዊ የዲዛይን ትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን አየና ያው ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ በ1925 ስለ አዲሱ አሠራር መግለጫ ጻፈ፣ በ1926 ሙኒክ በሚገኘው የአታሚዎች ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፣ በ1928 ደግሞ «አዲሱ ታይፖግራፊ» የሚለውን መጽሐፉን አወጣ (ታይፖግራፊ ማለት ፊደልን ገጽ ላይ የማቀናበር ሙያ ነው)። ጽሑፍን ገጹ መሃል ላይ መደርደር ሞቷል፣ ጫፋቸው ላይ ጌጥ ያላቸው ፊደሎች አርጅተዋል፣ ዘመኑ የማሽን ነው የሚል ነበር መልእክቱ። ለድርድር የሚመች ሰው አልነበረም።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን እንደያዙ አሠሩት። ክሱ የባህል ቦልሼቪክ፣ ማለትም ባህልን የሚያበላሽ ኮሚኒስት ነህ የሚል ነው። ከሳምንታት በኋላ ሲለቀቅ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ስዊዘርላንድ ገባ።

ባዝል ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። እዚያ የእንጀራው ነገር መጽሐፍ ሆነ፤ ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ የድሮ ሥራዎች። ፖስተር መንገደኛውን ለቅጽበት ካስቆመው ሥራውን ጨርሷል። መጽሐፍ ግን አንባቢው ለቀናት አብሮት የሚቀመጥ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ዲዛይነሩ «እዩኝ» ሲል አንባቢው ይደክማል። ቺኾልድም ቀስ በቀስ ወደ ቆዩት ፊደሎችና መሃል ላይ ወደሚቀመጠው ርእስ ተመለሰ። በ1946 ስዊሱ ዲዛይነር ማክስ ቢል በአደባባይ ወረደበት። ቺኾልድ የመለሰው መልስ አሁንም ያነጋግራል፦ የወጣትነቴ ታይፖግራፊ ያ ሁሉ አትንኩኝ ባይነቱና ሁሉን በትእዛዝ የመግዛት አባዜው ከናዚዎች መንፈስ ጋር ይዛመዳል አለ። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ አበዛው። ባውሃውስን እኮ ያዘጉት ናዚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ግን ንዴቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። በ1947 የፔንግዊን መሥራች አለን ሌን እንግሊዝ ድረስ አስመጣው። ፔንግዊን ማለት ከ1935 ጀምሮ ርካሽ መጽሐፍ ለተራው ሰው የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ችግሩ ሕትመቱ በብዙ ማተሚያ ቤቶች የተበተነ መሆኑ ነበር፤ እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት የራሱ ልማድ አለው፣ የብረት ፊደሎችን እየደረደረ ገጹን የሚያዘጋጀው ፊደል ለቃሚ ደግሞ እጁ እንደለመደው ይሠራል። ሌላ ዲዛይነር ቢሆን ሽፋኑን አሳምሮ ስሙን ጽፎ ይሄድ ነበር። ቺኾልድ ግን በአራት ገጽ የምታልቅ የሕትመት መመሪያ ጻፈ። ከአራት ነጥብ በኋላ ምን ያህል ክፍተት ይተው፣ አንቀጽ እንዴት ይጀምር፣ የግርጌ ማስታወሻ እንዴት ይቀመጥ፣ ይህንን ሁሉ በደረቁ ደነገገ። ለርእስ ፊደሎች ክፍተት ደግሞ ማኅተም አስቀረጸ። በዓይን እያያችሁ አመጣጥኑ የሚል ነው። ለእርማት የመጣ ወረቀት ላይ ይመታዋል፤ ካልተስተካከለ እንደገና ይመታዋል። ክርክር ሲመጣበት እንግሊዝኛው እንዳልገባው ይሆን ነበር ይባላል! በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ከ500 በላይ መጽሐፎች በእጁ አለፉ። በ1949 ፓውንድ ዋጋው ሲወርድ ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሰ፤ መመሪያው ግን እዚያው ሥራ ላይ ቀረ።

ይሄ ለእኔ ዲዛይን ብቻ አይደለም፣ መምህርነት ነው። ክፍል የለውም፣ ሰሌዳ የለውም፣ ተማሪዎቹ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ፊደል ለቃሚዎች ናቸው። በዚያ ላይ አንባቢው እንደተለፋለት እንኳ አያውቅም።

ከመመሪያው ውስጥ አንዷ ነጥብ ለእኛም ትሆናለች። በቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት አይፈቀድም፤ ክፍተት ከሚሰፋ ቃሉን መስመር ጫፍ ላይ መስበር ይሻላል ይላል። እስቲ ከመደርደሪያችሁ ላይ አንድ የቅርብ ጊዜ የአማርኛ ልብ ወለድ አንሱና ገጹን ከራቅ አድርጋችሁ እዩት። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው፤ «እንዳልተመለሰላቸው» የሚል ቃል መስመሩ ላይ አልበቃ ሲል ኮምፒውተሩ ገፍቶ ወደ ታች ያወርደውና የቀሩትን ሦስት ቃላት ግራና ቀኝ ወጥሮ መስመሩን ያስሞላቸዋል። ገጹ መሃል ነጭ ጅረት የወረደበት ይመስላል። አንዳንዴም ነጠላ ሰረዟ ብቻዋን ተነጥላ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ትቀመጣለች። ጸሐፊው ዓመታት ለፍቶበታል፣ ሽፋኑ ላይ ጥሩ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ውስጡን ግን ዎርድ ነው የሠራው። የሚገርመው የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም። መስመሩ ካለቀ ቃሉን የትም ፊደል ላይ ሰብረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሁለት ነጥቧ ቃሉ የት እንደሚያልቅ ስለምትናገር አንባቢው አይደናገርም። ሁለት ነጥቧን ጣልናት፣ ቃል መስበሩንም አብረን ጣልነው፣ በምትኩ ያመጣነው ነገር የለም።

ቺኾልድ በስተርጅናው ሳቦን የተባለውን ፊደል ሠራ፤ በ1967 ለሽያጭ ቀረበ። የተጠየቀው ከባድ ነገር ነበር። በእጅ ቢለቀም፣ ላይኖታይፕና ሞኖታይፕ በተባሉት የፊደል መልቀሚያ ማሽኖች ቢሠራም መልኩ አንድ ዓይነት እንዲሆን። የማሽኖቹን ገደብ እያወቀ በዚያው ገደብ ውስጥ አሳመረው። «ዘመኑ የማሽን ነው» ብሎ በጮኸበት ዕድሜው ይህን መሥራት የሚችል አይመስለኝም። በ1974 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎካርኖ ላይ አረፈ።

ለአሳታሚዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እናንተስ ባለ አራት ገጽ መመሪያ አላችሁ? ገጽ አቀናባሪው የሚሠራው በምን ሕግ ነው? እስኪጻፍ ድረስ ቢያንስ የገጹን ሁለት ጠርዝ እኩል የሚያደርገውን ትእዛዝ አጥፉት፣ የቀኙ ጠርዝ ወጣ ገባ ይበል፤ ለዚህ ዲዛይነርም ገንዘብም አያስፈልግም።